አልበርት ሽቫይትዘር፦ የኦርጋን ሐኪም፣ የላምባሬኔ ሐኪም

ኦርጋን ሲባል ከመካከላችን ብዙዎቹ የሚያስታውሱት የአዲስ አበባ ባንዶች በየሆቴሉ የሚጫወቱበትን፣ ሁለት ሰው ተሸክሞት የሚዞረውን የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ኦርጋን ግን የዚያ አያት ነው። ይኸውም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደ ቤት ተገንብቶ የሚቆም፣ ከብረትና ከእንጨት የተሠሩ በመቶና በሺህ የሚቈጠሩ ቧንቧዎች ያሉት፣ ትንፋሹን ከወናፍ የሚያገኝ፣ ከተጫዋቹ ጣት እስከ ቧንቧው ያለው መንገድ በሙሉ በቀጫጭን እንጨት የተያያዘ መሣሪያ ነው። ይህ ዓይነቱ ኦርጋን በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። እንዳይጠፋ ከተሟገቱለት ሰዎች ከፊተኞቹ አንዱ ዓለም በሌላ ሥራው የሚያውቀው፣ በጋቦን ጫካ ውስጥ ሆስፒታል ያቆመው አልበርት ሽቫይትዘር ነው።

ስለዚህ ሰው የተጻፈው ብዙ ነው። አንዱ ወገን እንደ ጻድቅ አድርጎ ገድል ይጽፍለታል፤ ሌላው ወገን የቅኝ ገዥዎች ባለሟል ነው ብሎ በአንድ ቃል ይዘጋዋል። እኛ በሁለቱም አልረካንም። ሕይወቱን ከኦርጋኑ በኩል ይዘን ብንሄድ የሰውየው ትልቅነትም ጉድለቱም ይበልጥ ጎልቶ የሚታይ መስሎናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሽቫይትዘር ጥር 14 ቀን 1875 በላይኛው አልዛስ፣ ካይዘርስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አልዛስ ከአራት ዓመት በፊት ከፈረንሳይ ተወስዳ በጀርመን ግዛት ሥር የነበረች አገር ናት። አባቱ የሉተራን ቄስ ነበር፤ ቤተሰቡም በዚያው ዓመት ጉንስባኽ ወደምትባል የገጠር መንደር ተዛወረ። የኦርጋን ፍቅር የመጣበት ግን በእናቱ ወገን ነው። አያቱ ቄስ ሺሊንገር አዲስ ኦርጋን ይሠራል በተባለበት ሁሉ እየሄዱ ባለሙያዎቹ ሲሠሩ ቆመው የሚመለከቱ ሰው ነበሩ። ልጁ በስምንት ዓመቱ፣ እግሩ ወደ ታች በደንብ ሳይደርስ ኦርጋን መምታት ጀመረ። በዘጠኝ ዓመቱ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን በመምህሩ ፈንታ ተቀምጦ ጸሎት አጀበ።

በሙልሃውዘን ከተማ ተማሪ ሳለ ኦይገን ሙንኽ የሚባል ብርቱ መምህር አገኘ። በ1893 ደግሞ ወደ ፓሪስ ሄዶ በሰን ሱልፒስ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ በሆነው በሻርል ማሪ ቪዶር ዘንድ ተማረ። የሰን ሱልፒስ ኦርጋን በ1862 አሪስቲድ ካቫዬ ኮል የሠራው፣ አምስት ረድፍ የጣት ቁልፍና 100 የድምፅ ረድፎች ያሉት ነው። ሽቫይትዘር በሕይወቱ ሙሉ ከዚህ የሚበልጥ ኦርጋን የለም ብሎ ያምን ነበር። በዚያው ዓመት በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፍልስፍናና ሥነ መለኮት ማጥናት ጀመረ። በ1899 በካንት ላይ በጻፈው ጥናት በፍልስፍና ዶክተር ሆነ፤ በተከታዩ ዓመት በሥነ መለኮት ተመረቀ፤ በቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያንም ሰባኪ ሆኖ ተሾመ። የውጭ አገር ተማሪ ለሆንነው ለእኛ በሁለት ቋንቋና በሁለት አገር መካከል ማደጉ የሚያሳዝንም የሚያስቀናም ነገር አለው። ጀርመኖች ፈረንሳዊ፣ ፈረንሳዮች ጀርመናዊ የሚሉት ሰው ሆነ፤ በኋላ ዋጋ ያስከፍለዋል።

አሁን ስለ መሣሪያው ትንሽ ማስረዳት ይገባናል፤ ያለዚያ ክርክሩ አይገባም።

በኦርጋኑ ውስጥ የነፋስ ሣጥን የሚባል ሰፊ የእንጨት ሣጥን አለ። ወናፉ ሳያቋርጥ ይሞላዋል። ቧንቧዎቹ በሣጥኑ ክዳን ላይ ተሰልፈው ይቆማሉ። ሣጥኑ ከውስጥ በጠባብ መተላለፊያዎች የተከፋፈለ ነው፤ ለእያንዳንዱ የጣት ቁልፍ አንድ መተላለፊያ አለው። የመተላለፊያው አፍ በትንሽ የእንጨት መዝጊያ ተዘግቷል። ተጫዋቹ ቁልፉን ሲጫን ከቁልፉ ጋር የተያያዘ፣ ከጣት የቀጠነ የእንጨት ጅማት ይሳባል፤ ጅማቱ መዝጊያውን ይከፍታል፤ ነፋሱ ይገባል፤ ቧንቧው ይጮኻል። ቁልፎቹ በሁለት ክንድ ስፋት ውስጥ ተጠጋግተው ሳለ ቧንቧዎቹ በብዙ ሜትር ስፋት ስለሚቆሙ ግራና ቀኙን የሚያገናኙ ተሽከርካሪ ዘንጎች በመካከል አሉ። ነገሩ ይኸው ነው። የጓሮ በር በገመድ እንደመክፈት ነው ብንል ባለሙያው ባይወድልንም አልዋሸንም።

አንድ ቁልፍ ብዙ ቧንቧ ማስጮኽ ይችላል። አንዱ ረድፍ እንደ ዋሽንት ለስላሳ ነው፤ አንዱ እንደ እምቢልታ ይጮኻል፤ ሌላው በአፉ የናስ ምላስ ተገጥሞለት እንደ መለከት ይንቀጠቀጣል። የትኛው ረድፍ እንዲሰማ ተጫዋቹ የሚመርጠው በጎንና ጎኑ ያሉትን እጀታዎች በመሳብ ነው። እጀታው ሲሳብ ከረድፉ ሥር ያለች ቀዳዳ ቀዳዳ ጣውላ ትንሸራተትና ቀዳዳዎቹ ከቧንቧዎቹ እግር ጋር ይገጥማሉ። የቧንቧ ልክ የሚነገረው በጫማ ነው። መሠረታዊው ረድፍ 8 ጫማ፣ ማለት ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ከሚደርስ ቧንቧ ይጀምራል፤ 16 ጫማ አለ፤ በትላልቆቹ ካቴድራሎች እስከ 32 ጫማ ይደርሳል። የዚህ የመጨረሻው ድምፅ ከጆሮ ይልቅ በደረት የሚሰማ ነው። ተጫዋቹ በእጁ ብቻ ሳይሆን በእግሩም ይጫወታል፤ ከወንበሩ በታች ሠላሳ ያህል የእግር ቁልፎች ተዘርግተዋል።

የዚህ አሠራር ምሥጢሩ ጣቱ ላይ ነው። ተጫዋቹ መዝጊያው ከነፋሱ ጋር ሲታገል በጣቱ ይሰማዋል፤ ቀስ ብሎ ሊከፍተው፣ በድንገት ሊለቀው ይችላል። በገና ደርዳሪ ጅማቱን እንደሚያውቀው ያውቀዋል። ድክመትም አለው። ኦርጋኑ እየገዘፈ፣ የቁልፉ ረድፍም እየተደራረበ በሄደ ቍጥር መዝጊያዎቹ ብዙ ስለሚሆኑ ቁልፉ ይከብዳል። ካቫዬ ኮል በሰን ሱልፒስ ይህን ያቃለለው በነፋስ ኃይል የሚያግዝ ማንሻ በመካከል አስገብቶ ነው።

መሣሪያው የአውሮፓ ብቻ ነው ተብሎ እንዳይታሰብ አንድ ነገር እንጨምር። የመጀመሪያውን ኦርጋን ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የሠራው ክቴሲቢዩስ የሚባል የእስክንድርያ ሰው ነው፤ አባቱ ፀጕር አስተካካይ ነበር ይባላል። የነፋሱን ግፊት በውሃ ክብደት ያረጋጋ ነበር። ከዚህ ከሪያድ ብዙም በማትርቀው በባግዳድ፣ በዘጠነኛው መቶ ዓመት፣ የሙሳ ልጆች የተባሉት ሦስት ወንድማማች ሊቃውንት በውሃ ኃይል ራሱን የሚጫወት መሣሪያ አሠራር ጽፈው ትተዋል። ወደ ምዕራብ አውሮፓ የገባው የቢዛንታይኑ ንጉሥ ቈስጠንጢኖስ አምስተኛ በ757 ለፍራንኮች ንጉሥ ለፔፒን በላከው ስጦታ ነው። እኛም አገር ደርሷል። ሱሪያኖ የተባለው ኢጣሊያዊ መነኩሴ በ1480ዎቹ ወደ አገራችን ከተላኩት ሰዎች ሰምቶ እንደጻፈው በንጉሡ ቤተ ክርስቲያን በኢጣሊያ ሥርዓት የተሠራ ትልቅ ኦርጋን ነበረ። በ1520 ከፖርቱጋል ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጡት መልእክተኞችም ከሰይፍ፣ ከጥሩርና ከዓለም ካርታ ጋር ኦርጋን በስጦታ አምጥተዋል፤ ማኑኤል ደ ማሬስ የሚባል ኦርጋን መቺም አብሯቸው ነበር። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ግን ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ነበረውና ኦርጋኑ በቅዳሴያችን ቦታ አላገኘም።

ወደ ሽቫይትዘር እንመለስ። በ1896 መከር፣ የሃያ አንድ ዓመት ተማሪ ሳለ፣ ከባይሮይት ሲመለስ በሽቱትጋርት በኩል አለፈ። በዚያ በሊደርሃለ አዳራሽ ጋዜጦች ሁሉ ያደነቁት አዲስ ኦርጋን ተተክሎ ነበር። የከተማው ኦርጋን መቺ የባኽን ፉጋ ሲመታለት ሽቫይትዘር ደነገጠ። ፉጋ ማለት ሦስት አራት ዜማ በአንድ ጊዜ እየተከታተሉ የሚጓዙበት ድርሰት ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ካልተሰማ የቀረው ጩኸት ነው። በዚያ ዘመናዊ ኦርጋን ላይ ዜማዎቹ ተደበላልቀው ጠፉበት።

ከዚያ ወዲህ ለአሥር ዓመት ያህል የዕረፍት ጊዜውን አሮጌና አዲስ ኦርጋን በመመርመር አሳለፈ። ሌላው ተማሪ ተራራ ሲወጣ እርሱ አቧራ በሞላበት የኦርጋን ሆድ ውስጥ ይገባ ነበር። ያገኘውም ይህ ነው። ፋብሪካዎቹ የእንጨቱን ጅማት ትተው ቁልፉን ከመዝጊያው ጋር በነፋስ ቱቦ ወይም በኤሌክትሪክ ሽቦ ማገናኘት ጀምረዋል። ወናፍ ረጋጩን ሰው የኤሌክትሪክ ሞተር ስለ ተካው ነፋስ እንደልብ ሆነ፤ ስለዚህ በብርቱ ግፊት ይነፋሉ። ዕቃ ለመቈጠብ ቧንቧውን ያሳንሱታል፤ የጎደለውን በግፊት ያሟላሉ። ስለዚህ ድምፁ ታላቅ ሆነ እንጂ አላማረም። አሮጌዎቹ የጀርመን ባለሙያዎች፣ በተለይም ዚልበርማኖች፣ በዝቅተኛ ግፊት፣ በወፍራም ብረትና በጥሩ እንጨት ይሠሩ ስለነበር እያንዳንዱ ዜማ ጠርቶ ይሰማል። ጥያቄው የአሮጌና የአዲስ ብቻ አልነበረም። ፋብሪካው በርካሽ የሚያቀርበው ኦርጋን በጥንቃቄ የሚሠራውን የእጅ ባለሙያ ከገበያ እያስወጣ ነበር። ይህን ለማየት የግድ ማርክሲስት መሆን አያስፈልግም፤ ሽቫይትዘርም አልነበረም።

በ1905 ስለ ባኽ በፈረንሳይኛ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አወጣ፤ በ1908 በጀርመንኛ እጅግ አስፍቶ ጻፈው። በ1906 ደግሞ የጀርመንንና የፈረንሳይን የኦርጋን አሠራርና አመታት የሚያነጻጽር ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ብዙ ሰው ሣቀበት፤ አንዳንዱም ተቈጣ። እርሱ ግን በልዩ ልዩ አገር ላሉ ኦርጋን መቺዎችና ሠሪዎች መጠይቅ እንዲላክ አደረገ፤ መልሱንም ይዞ በግንቦት 1909 በቪየና በተደረገው ዓለም አቀፍ የሙዚቃ ጉባኤ ላይ ተገኘ። ከስትራስቡርጉ ካቶሊክ ቄስ ከክሳቪዬ ማቲያስ ጋር ሆኖ ዓለም አቀፍ የኦርጋን አሠራር ደንብ አረቀቀ። ደንቡ ስለ ቁልፎቹ ልክ፣ ስለ ነፋሱ ሣጥን፣ ስለ ግፊቱና ስለ ቧንቧው ዕቃ የሚናገር ደረቅ ጽሑፍ ነው። እኛ እንዲህ ያለውን ደረቅ ጽሑፍ ከብዙ ስብከት አብልጠን እናከብራለን።

ወግ አጥባቂ ብቻ እንዳልነበር ግን መናገር ይገባል። በኋላ፣ በ1920ዎቹ፣ የእርሱን ፈለግ ተከትለው የተነሡት ጀርመናውያን ከባኽ ወዲህ ያለውን ሁሉ ጥለው ወደ ጥንቱ ብቻ ካልተመለስን ሲሉ አልተከተላቸውም። የካቫዬ ኮልን ዘመናዊ ሥራ እንደ ዚልበርማን ሁሉ ይወድ ነበር።

ዋናው ሥራው ግን በወረቀት አልነበረም። በየመንደሩ ካህናትና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አሮጌውን አውጥተን አዲስ እንትከል ሲሉ እየሄደ ይማጠናቸው ነበር። ብዙ ደብዳቤ፣ ብዙ ጉዞ፣ ብዙ ሽንፈት ነው። ካዳናቸው አንዱ በስትራስቡርግ በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው፣ ዮሐን አንድሬያስ ዚልበርማን በ1741 የሠራው ኦርጋን ነው። ሞዛርት በ1778 መትቶበታል። ሽቫይትዘር ሄርፕፈር የተባለ ባለሙያ እንዲጠግነው አስደረገ።

በሪያድ ለምንኖረው ይህ ክርክር እንግዳ አይደለም። የዚህች ከተማ የጭቃ ግንብ በ1950 ገደማ ፈርሷል፤ አብዛኛው የጭቃ ቤትም በሲሚንቶ ተተክቷል። መስመክ ምሽግ ቀርቷል፤ በከተማው ዳር ያለው የዲርዒያ ጡረይፍ ደግሞ በ2010 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግድግዳውን ለመጠገን የጭቃ ጡብ ሥራ የሚያውቅ እጅ ያስፈልጋል። አሮጌ ነገር የሚጠፋው ሲፈርስ ብቻ ሳይሆን የሚሠራው ሰው ሲያልቅም ነው፤ ሽቫይትዘር ስለ ኦርጋን ሲጮኽ የነበረው ይህንኑ ነው።

ሰውየው በዚህ ሁሉ መካከል ሳለ ነው ሕይወቱን የገለበጠው። በ1904 የፓሪስ ወንጌላዊ ማኅበር መጽሔት በጋቦን ሠራተኛ እንደሚያስፈልግ የጻፈውን አነበበ። ጥቅምት 13 ቀን 1905 ለቤተሰቡና ለወዳጆቹ ሕክምና ሊያጠና መወሰኑን የሚገልጹ ደብዳቤዎች በፖስታ አስገባ። በሠላሳ ዓመቱ፣ ራሱ ያስተምርበት በነበረው ዩኒቨርሲቲ፣ ከወጣቶች ጋር እንደገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆነ። ለመጨረሻው የመንግሥት ፈተና የከፈለውን ገንዘብ ያገኘው በሙኒክ በዓል ላይ የቪዶርን ድርሰት በኦርጋን መትቶ ነው። በ1912 ሄለነ ብረስላውን አገባ፤ እርሷም ለዚሁ ሥራ ስትል ነርስነት ተምራለች። ማኅበሩ የሥነ መለኮት አስተሳሰቡን ስለፈራው እንደማይሰብክ ቃል አስገብቶ ነው የላከው።

ሚያዝያ 16 ቀን 1913 በኦጎዌ ወንዝ ላይ ላምባሬኔ ደረሱ። የመጀመሪያው የሕክምና ክፍል የዶሮ ቤት ነበር። በመጀመሪያው ዘጠኝ ወር ወደ 2000 በሽተኛ አከመ፤ ወባ፣ ቍምጥና፣ የእንቅልፍ በሽታ፣ እብጠት፣ ቍስል። አስተርጓሚውና ረዳቱ ጆሴፍ የቀድሞ ወጥ ሠሪ ስለነበር የበሽተኛውን ሕመም በሥጋ ብልት ስም ይነግረው ነበር ይባላል። የፓሪስ የባኽ ማኅበር ደግሞ የእግር ቁልፍ የተገጠመለትና ለቆላው አየር ተብሎ በልዩ የተሠራ ፒያኖ ሰጥቶት፣ ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ትልቅ ታንኳ ተጭኖ ደረሰ። ሽቫይትዘር ማታ ማታ በእርሱ ባኽን ያጠና ነበር።

በ1914 ጦርነቱ ሲነሣ የጀርመን ዜጋ ነህ ተብሎ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ውስጥ በቤቱ ታሠረ። በ1917 ወደ ፈረንሳይ ተወስዶ በግዞት ካምፕ ገባ። በዚያም ጠረጴዛውን እንደ ቁልፍ፣ ወለሉን እንደ እግር ቁልፍ አድርጎ ያለ ድምፅ ኦርጋን ያጠና ነበር። በ1918 ተለቆ ዕዳና ሕመም ይዞ ወደ አገሩ ገባ። ከዕዳው ያወጣው ኦርጋን ነው። በ1920 ወደ ስዊድን ተጋብዞ አስተማረ፤ በየቤተ ክርስቲያኑም መታ። በ1924 ወደ ላምባሬኔ ሲመለስ የፈረሰውን ሆስፒታል እንደገና ሠራ፤ ከዚያ በኋላም አውሮፓ በመጣ ቍጥር በኮንሰርትና በሸክላ የሚያገኘውን ገንዘብ ለመድኃኒትና ለቆርቆሮ ያውለው ነበር።

እስካሁን የተረክነው የሚያስደንቅ ነው። አሁን ግን የሚጐረብጠው ይመጣል።

ይህ ሰው አንድ የመንደር ኦርጋን ከመጣሉ በፊት ሆዱ ውስጥ ገብቶ፣ ሠሪው ምን አስቦ እንደነበር ሳይመረምር አይፈርድም። በኦጎዌ ዳር ላለው ሕዝብ ግን ይህን ትዕግሥት አልሰጠም። በዚያ አገር ከግማሽ መቶ ዓመት ባላነሰ ጊዜ ውስጥ በአስተርጓሚ ነው የሠራው፤ የሕዝቡን ቋንቋዎች በሚገባ አልተማረም። ፋንግ የሚባለው ሕዝብ በሃይማኖታዊ ሥርዓቱ ላይ የሚደረድረው ንጎምቢ የሚባል ባለ ስምንት ጅማት በገና አለው። የባኽን ዜማ በሺህ ገጽ ያብራራው ሰው ስለዚያ ሙዚቃ የሚመጣጠን መጽሐፍ አልጻፈም። አፍሪካዊውን እንደ ታናሽ ወንድም፣ ራሱን እንደ ታላቅ ያይ እንደነበር በራሱ መጻሕፍት ይታያል፤ ለነፃነትም ገና አልደረሳችሁም ከሚሉት ወገን ነበር። ሐኪሞቹና ነርሶቹ በአብዛኛው ከአውሮፓ የሚመጡ ነበሩ፤ አፍሪካዊ ሐኪም ማፍራትን ሥራዬ ብሎ አልያዘውም። ዱ ቦይስ በ1945፣ ቺኑዋ አቼቤም በ1975 በዚህ አመለካከቱ ወቅሰውታል። ወቀሳቸው ትክክል ነው ብለን እናምናለን።

በፍርዳችን እንዳንከፋ አንድ ነገር እንናገርለት። ሆስፒታሉን የአውሮፓ ሆስፒታል አስመስሎ አልሠራም። በሽተኛው ከነአስታማሚው፣ ከነልጁ፣ ከነዶሮው ይመጣል፤ አስታማሚው በደጅ እሳት አንድዶ ያበስላል። ኤሌክትሪክ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል አላለፈም። ብዙ የውጭ ጐብኚ ቆሻሻ ነው ብሎ ነቅፎታል። በሽተኞቹ ግን ከሩቅ ይመጡ ነበር፤ አገራችን ያለውን የአስታማሚ ወግ የምናውቅ ለምን እንደሆነ አይጠፋንም። የሕዝቡን አኗኗር ማየት የሚችል ዓይን ነበረው ማለት ነው። ይህ ደግሞ ጥፋቱን አያቀልለትም፤ ያከብደዋል እንጂ።

የ1952 የኖቤል የሰላም ሽልማት በተከታዩ ዓመት ተሰጠው፤ ገንዘቡን ለቍምጥና ሕሙማን መንደር መሥሪያ አዋለው። በ1957 በኦስሎ ሬዲዮ የኑክሌር ቦምብ ሙከራ እንዲቆም ለዓለም ተማጠነ። ጋቦን በነሐሴ 1960 ነፃ ስትወጣ የሰማንያ አምስት ዓመት ሽማግሌ ነበር። መስከረም 4 ቀን 1965 በዘጠና ዓመቱ በላምባሬኔ ዐረፈ፤ በወንዙ ዳር በሚስቱ አጠገብ ተቀበረ።

በኦርጋኑ ጉዳይ ክርክሩን ያሸነፈው እርሱ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዴንማርክ፣ በኔዘርላንድና በጀርመን፣ ከዚያም በአሜሪካ፣ የእንጨት ጅማት ያላቸው ኦርጋኖች እንደገና መሠራት ጀመሩ። የቅዱስ ቶማስን ኦርጋን በ1979 አልፍሬድ ኬርን የተባለ የስትራስቡርግ ባለሙያ በድጋሚ አድሶታል። በላምባሬኔ ደግሞ በ1981 አዲስ ሆስፒታል ከአሮጌው አጠገብ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት የምርምር ክፍል ተቋቋመበት። የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2021 ለሕፃናት እንዲሰጥ የመከረው የመጀመሪያው የወባ ክትባት ከተፈተነባቸው የአፍሪካ ጣቢያዎች አንዱ ይኸው ነው፤ በጥናቱ ከሠሩትም መካከል አፍሪካውያን ሐኪሞችና ተመራማሪዎች አሉበት።